ስፖኪዮ ላይ የተሰራ ፍሬቻ፤ አራቱም አብረው ሲበሩ ችግሩ የት ነው?

ጥያቄ፦ «ሰላም ጤና ይስጥልኝ። 125 ሲሲ ሞተር አለኝ። ወድቆ የፊት ፍሬቻዎቹ ሁለቱም ተሰበሩ። አዲስ ከምገዛ ብዬ በሁለቱ ስፖኪዮዎች ውስጥ ትንንሽ ኤልኢዲ ደርድሬ ፍሬቻ ሰራሁ። የኋላዎቹንም አምፖሎች እግረ መንገዴን በኤልኢዲ ቀየርኳቸው። ቤት ውስጥ በ12 ቮልት አዳፕተር ስሞክረው ቆንጆ ነበር። ሞተሩ ላይ ሳገናኘው ግን ከመጠን በላይ ይፈጥናል። የግራውን ሳበራ የቀኙም አብሮ ይበራል። ዳሽቦርድ ላይ ያለችው አንዷ የፍሬቻ ምልክትም ጠፍታለች። ምን አጥፍቼ ነው? ደግሞስ በስፖኪዮ ፍሬቻ ብቻ መንዳት ይቻላል? ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር። የስፖኪዮ ፍሬቻ ጥሩ ነገር ነው። ጥሩ የሚሆነው ግን ረዳት ሆኖ ነው። ዋናው ፍሬቻ ተነስቶ እሱ ብቻ ሲቀር አደጋ አለው። ስለዚህ ምክሬ ይኸው፦ የፊት ፍሬቻዎቹን ገዝተህ ወደ ቦታቸው መልስ። የሰራኸውንም አትጣለው፤ ከእነሱ ጋር አብሮ እንዲሰራ አድርገው። ምክንያቱን ወረድ ብዬ እነግርሃለሁ። በቅድሚያ ግን ያስቸገረህን ነገር እንፍታ።

የገመድ አገጣጠምህ ትክክል ሊሆን ይችላል። የነገርከኝ ሦስት ምልክት ነው፤ ከኋላቸው ያለው ችግር ግን ሁለት ብቻ ነው።

መፍጠኑ ከፍላሸሩ ነው። ያቺ ቲክ ቲክ የምትለው ትንሽ ሪሌይ ማለቴ ነው። ሞተርህ ከፋብሪካ ሲወጣ በአንድ ጎን ሁለት አምፖል ነበረው፤ አንድ ከፊት፣ አንድ ከኋላ። ትንንሽ ሞተሮች ላይ ብዙ ጊዜ ባለ 10 ዋት ይገጠማል፤ ተለቅ ያሉት ላይ 21 ዋት። ባለ 10 ዋቱን ብንወስድ ሁለቱ አንድ ላይ 1.7 አምፔር ገደማ ይስባሉ። ፍላሸሩ የተሰራው ለዚህ ጭነት ነው። አንተ ደግሞ ሁለቱንም ቦታ ኤልኢዲ አደረግከው። ስፖኪዮው ውስጥ ያስገባሃቸው ጥቃቅን ኤልኢዲዎች 0.1 አምፔር እንኳ ላይሞሉ ይችላሉ። ፍላሸሩ ጭነቱ ሲጠፋበት አምፖል የተቃጠለ ይመስለዋል። ብዙዎቹ ፍላሸሮች አምፖል ሲቃጠል የሚፈጥኑት ነጂው እንዲያውቅ ነው። አንዳንዶቹ የድሮ ዓይነቶች ደግሞ ከነጭራሹ መቆራረጥ ያቆማሉ፤ መብራቱ እንደበራ ይቀራል።

ልከኛው ፍጥነት በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ነው። ሰዓትህን ይዘህ ለ15 ሰከንድ ቁጠር። ከ15 እስከ 30 ጊዜ ከበራ ደህና ነው። ከዚያ ካለፈ ከፊትህ ያለው ሹፌር መብራቱ ሲርገበገብ ያያል እንጂ ፍሬቻ መሆኑን ቶሎ አይለይም።

አሁን ወደ ሁለተኛው እንምጣ። ብዙ ሰው የሚደናበረው እዚህ ላይ ነው። ዳሽቦርድህ ላይ ለግራም ለቀኝም የምታገለግል አንዲት ምልክት ብቻ አለች ብለኸኛል። ቁልፉ እሷ ናት። ያቺ ትንሽ አምፖል አንዱ ጫፏ ከግራው የፍሬቻ ገመድ፣ ሌላኛው ጫፏ ከቀኙ ገመድ ጋር የተያያዘ ነው። የራሷ ማሳ፣ ማለትም ወደ ባትሪው ማይነስ የሚመለስ ገመድ፣ የላትም። የግራ ፍሬቻ ስታበራ ኤሌክትሪኩ ከግራው ገመድ ተነስቶ በእሷ በኩል ያልፍና ወደ ቀኙ ገመድ ይገባል። ከዚያ በቀኞቹ አምፖሎች በኩል ወደ ማሳ ይወርዳል። የቀኞቹ አምፖሎች ባለ ክር በነበሩ ጊዜ ይህ ምንም ችግር አልነበረውም። ያቺ ትንሽ አምፖል የምታሳልፈው ኤሌክትሪክ የ10 ዋትን ክር ለማጋል አይበቃም። ስለዚህ ዳሽቦርዱ ላይ እሷ ትበራለች፣ ቀኙ ጨለማ ይሆናል። ኤልኢዲ ግን በጥቂት ሚሊአምፔር ይበራል። በእሷ በኩል ሾልኮ የሚመጣው ለቀኙ ኤልኢዲ ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ ቀኙ አብሮ ይበራል። በሌላ በኩል ኤልኢዲዎቹ የሚስቡት ትንሽ ስለሆነ የዳሽቦርዷ ክር አይሞቅም፤ አትበራም። «ጠፍታለች» ያልከኝ ለዚህ ነው። አልተቃጠለችም።

ይህን ለማረጋገጥ ቀላል መንገድ አለ። ከኋላ በሁለቱም በኩል የድሮውን ባለ ክር አምፖል መልሰህ አስገባ። የአራቱ አብሮ መብራት ወዲያው ይቆማል፤ ምልክቷም ትመለሳለች። በአንድ ጎን አንድ ባለ ክር አምፖል እስካለ ድረስ ሾልኮ የመጣውን እሱ ወደ ማሳ ያወርደዋል። ፍጥነቱ ግን ላይስተካከል ይችላል፤ ፊቱ ገና ኤልኢዲ ስለሆነ ጭነቱ ግማሽ ነው።

መፍትሄው ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያውን እኔ እመርጠዋለሁ። አራቱንም ዋና ፍሬቻዎች ባለ ክር አምፖል አድርገህ የስፖኪዮውን ኤልኢዲ በግራም በቀኝም ከዋናው ፍሬቻ ገመድ ጋር ጎን ለጎን (ፓራለል) ማያያዝ ነው። ፍላሸሩ የለመደውን 1.7 አምፔር ያገኛል። የስፖኪዮው ኤልኢዲ የሚጨምርበት ከምንም አይቆጠርም። ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ) አያስፈልግህም፣ ፍላሸር አትቀይርም፣ ዳሽቦርድ አትፈታም። ከሁሉም በላይ የስፖኪዮው መብራት አንድ ቀን ቢበላሽ ዋናው ፍሬቻ ስራውን ይቀጥላል።

ሁለተኛው፣ ሁሉም ኤልኢዲ ይሁን ካልክ፣ የኤልኢዲ ፍላሸር መግዛትና ሁለት ዳዮድ መጨመር ነው። የኤልኢዲ ፍላሸር በጭነት ሳይሆን በሰዓት ቆጣሪ ስለሚሰራ ምን ብታገናኝበት ፍጥነቱ አይቀየርም። ብዙዎቹ ባለ 3 እግር ናቸው። «ቢ» ወይም የመደመር ምልክት ያለበት ከቁልፍ በኋላ ያለው የባትሪ ገመድ ይገባበታል። «ኤል» ያለበት ወደ ፍሬቻ ማብሪያው ይሄዳል። «ኢ» ወይም የመቀነስ ምልክት ያለበት ማሳ ነው። የድሮው ባለ 2 እግር ከሆነ ለሦስተኛው አዲስ የማሳ ገመድ መሳብ ይኖርብሃል። እግሮቹን አታቀያይር፤ ተገልብጦ ከተገናኘ ፍላሸሩ ሊቃጠል ይችላል።

ዳዮዶቹ 1ኤን4007 የሚባሉት ይበቃሉ። ከዳሽቦርዷ አምፖል ሁለቱንም ገመዶች ንቀል። በግራው ገመድ ላይ አንድ ዳዮድ፣ በቀኙ ላይ አንድ ዳዮድ አድርግ። ዳዮዱ ላይ ያለችው ነጭ መስመር ወደ አምፖሏ ትዙር። የሁለቱን ዳዮዶች ነጭ መስመር ያለባቸውን ጫፎች አንድ ላይ አያይዘህ ወደ አምፖሏ አንዱ ጫፍ አስገባ። ሌላኛውን ጫፏን ከማሳ ጋር አገናኝ። አበቃ። ከዚህ በኋላ ከሁለቱም ጎን ወደ እሷ ይመጣል እንጂ በእሷ በኩል ወደ ሌላው ጎን የሚሾልክ የለም።

ሦስተኛ መንገድ የሚሉህም ይኖራሉ። ጭነቱን ለመተካት ትልቅ ሬዚስተር ማስገባት ነው። እኔ አልመክርም። ኤልኢዲ የተገዛው ትንሽ እንዲበላ ነው። ሬዚስተሩ አምፖሉ ይበላ የነበረውን ኤሌክትሪክ ይበላና ወደ ሙቀት ብቻ ይቀይረዋል። የ21 ዋትን አምፖል የሚተካው ሬዚስተር ፍሬቻው ለረጅም ጊዜ ሲበራ ፕላስቲክ የሚያቀልጥ ሙቀት ላይ ይደርሳል። ትንሽ ሞተር ላይ ደግሞ ከፕላስቲክና ከገመድ የራቀ ቦታ አታገኝለትም።

አሁን ለምን «ረዳት ብቻ» እንዳልኩ። ዋናው ምክንያት የብርሃን መጠን ነው። በተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንቦች መሰረት የሞተር የፊት ፍሬቻ ወደ ፊት ቢያንስ 90 ካንዴላ (የብርሃን ጥንካሬ መለኪያ ነው) መስጠት አለበት። ሱቅ የሚሸጡት ባለ 5 ሚሊሜትር ጠንካራ ኤልኢዲዎች 8000 ሚሊካንዴላ ተብሎ ይጻፍባቸዋል እንበል። ይህ 8 ካንዴላ ነው። 12ቱን በአንድ አቅጣጫ ቀጥ አድርገህ ብትደረድር 96 ይሆናል። በወረቀት ላይ አለፈ። ችግሩ ያ ብርሃን ያለው በቀጥታ ፊት ለፊቱ ብቻ መሆኑ ነው። ትንሽ ወደ ጎን ስትል ይሞታል። ደንቡ ግን ፍሬቻው ወደ ውጭ እስከ 80 ዲግሪ፣ ወደ ውስጥ እስከ 20 ዲግሪ፣ ወደ ላይና ወደ ታች 15 ዲግሪ እንዲታይ ይፈልጋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከመስቀለኛ መንገድ ጎን የሚመጣው ሹፌር በቀጥታ ፊትህ አይደለም ያለው። የፋብሪካው መስታወት ላይ ያሉት ጥርስ ጥርስ የሆኑ መስመሮች ብርሃኑን የሚበትኑት ለዚህ ነው። አንተ ቤት ውስጥ አይተህ «ቆንጆ ነው» ያልከው ፊት ለፊት ቆመህ፣ በጥላ ውስጥ ስለሆነ ነው። ቀትር ፀሐይ ላይ፣ ከጎን፣ ሌላ ነገር ይሆናል።

ሌላው የስፖኪዮው ቦታ ራሱ ነው። ስፖኪዮ ይስተካከላል። አጭር ሰው ሲነዳው ወደ ታች ያዘነብለዋል። ጠባብ ቦታ ሲያልፍ ያጥፈዋል። ያን ጊዜ ፍሬቻውም አብሮ ዞሮ ሰማይ ወይም አስፋልት ያሳያል። ሞተር ሲወድቅ ደግሞ ቀድሞ መሬት የሚነካው እሱ ነው። ከፍታም አለ። በዚያው ደንብ ፍሬቻ ከመሬት ከ350 ሚሊሜትር ዝቅ፣ ከ1200 ሚሊሜትር ከፍ ማለት የለበትም። ብዙ ሞተሮች ላይ የስፖኪዮው አናት እዚያ ድንበር ላይ ነው ያለው። ሞተሩን ቀጥ አድርገህ አቁመህ በሜትር ለካው። በተጨማሪም ደንቡ በሚሰራባቸው አገሮች የፍሬቻ መስታወት ላይ በክብ ውስጥ የተጻፈ «ኢ» ፊደል ይጠበቃል፤ ተፈትኖ ማለፉን የሚያሳይ ነው። ቤት የተሰራ ይህ ስለሌለው የቦሎ ምርመራ ላይ እንደ ዋና ፍሬቻ ላይቆጠርልህ ይችላል።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድነው? ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ ለዚህ ነው አትጣለው ያልኩህ። ደንቡ በሁለቱ የፊት ፍሬቻዎች መካከል የሚጠይቀው ርቀት 240 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ያን ያህል ተቀራርበው ከፊት መብራቱ አጠገብ ሲሆኑ ግራ ይሁን ቀኝ ለመለየት ያስቸግራል፤ የፊት መብራቱም ይውጣቸዋል። ስፖኪዮዎች ግን በጣም የተራራቁ ናቸው፤ ከፊት መብራቱም ይርቃሉ። በዚያ ላይ በመኪና ሹፌር የዓይን ከፍታ ላይ ናቸው። ከፊትህ ቆሞ ለመታጠፍ የሚጠብቅ ሹፌር ወዴት እንደምትሄድ ቶሎ ይገባዋል። ታጥፈህ ስትገባ የሚጠብቅህ ይህ ነው።

ኤልኢዲውን ከስፖኪዮው በየትኛው በኩል እንዳደረግከው አልነገርከኝም። የፊት ፍሬቻን ማገዝ ከፈለግክ መብራቱ በስፖኪዮው ጀርባ፣ ማለትም ወደ መንገዱ በሚያየው ፕላስቲክ ላይ፣ ወደ ውጭኛው ጠርዝ ተጠግቶ መሆን አለበት። አንዳንዶች ከመስታወቱ ጀርባ ያለውን ብር ፍቀው ቀስት ይሰሩና ኤልኢዲውን ከኋላ ያበሩታል። መልኩ ያምራል። ግን ወደ ኋላ ነው የሚያበራው፤ ፊት ለፊት ለሚመጣው ምንም አይጠቅምም። በዚያ ላይ የስፖኪዮህን የእይታ ቦታ ይቀንሳል፤ ማታም በየሰከንዱ ዓይንህ ላይ ይበራል። ይህን ተወው።

እንደገና ከሰራኸው ስለ ኤልኢዲው አያያዝ ይህን ልብ በል። አዳፕተርህ 12 ቮልት ይሰጣል። ሞተር ሲነሳ ግን ባትሪው ላይ እስከ 14.4 ቮልት ድረስ ይመጣል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ለኤልኢዲ ግን ትንሽ አይደለም። ምሳሌ ልስጥህ። አንድ አምበር ኤልኢዲ 2.1 ቮልት ገደማ ይወስዳል። ሰው አምስቱን በተከታታይ አያይዞ 10.5 ቮልት ያደርጋቸዋል። በ12 ቮልት 20 ሚሊአምፔር እንዲያልፍ 75 ኦም ያስገባል። ጠረጴዛ ላይ ልክ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ግን 14.4 ላይ 52 ሚሊአምፔር ያልፋል። ባለ 20 ሚሊአምፔር ኤልኢዲ ይህን ለረጅም ጊዜ አይችልም። መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ከዚያ አንድ በአንድ ይሞታል።

ስለዚህ ሦስት ሦስቱን አያይዝ። ሦስቱ 6.3 ቮልት ይወስዳሉ። ለእያንዳንዱ ሦስት አንድ 470 ኦም ሬዚስተር ስጠው። ሞተሩ ሲሰራ 17 ሚሊአምፔር፣ ሞተሩ ጠፍቶ በባትሪ ብቻ 12 ሚሊአምፔር ያልፋል። ሁለቱም ደህና ነው። የሩብ ዋት ሬዚስተር ይበቃል። ብዙ ሦስቶች ካሉህ ጎን ለጎን አያይዛቸው፤ ግን እያንዳንዱ የራሱ ሬዚስተር ይኑረው። ለሁሉም አንድ ሬዚስተር ብታደርግ አንዱ መስመር ሲቃጠል የሱ ድርሻ ለሌሎቹ ይተርፍና እነሱንም ይከትላቸዋል። ከገመዱ መግቢያ ላይ አንድ 1ኤን4007 በተከታታይ ብትጨምር ፕላስና ማይነስ ቢገለበጥብህ ያድንሃል። ሞተርህ ባለ 6 ቮልት ከሆነ ይህ ሂሳብ አይሰራም፤ ሁለት ሁለት አያይዘህ 150 ኦም ተጠቀም።

ቀለሙ አምበር የሚባለው ብርቱካናማ ቢጫ ይሁን። ነጭ ኤልኢዲ በቢጫ ፕላስቲክ መሸፈን አትሞክር፤ ደብዛዛ ይሆናል። ሰማያዊ ወይም ቀይ ከፊት በጭራሽ አታድርግ። ብርሃኑን ለመበተን የኤልኢዲውን አናት በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ማደብዘዝ ይቻላል። የመሃሉ ድምቀት ይቀንሳል፣ የጎኑ ይጨምራል። ለስፖኪዮ ይህ ትርፍ ነው።

ገመዱ ላይ ልቆይ፤ የቤት ስራ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። በመጀመሪያ የስፖኪዮውን ዘንግ እይ። ብዙ ጊዜ ድፍን ብረት ነው። ድፍን ከሆነ በትራፓኖ አትብሳው። በተለይ ጥርሱ አጠገብ ከተበሳ ይዳከማል፤ ንዝረቱ ቀስ በቀስ ይሰነጥቀዋል። ገመዱን በዘንጉ ታችኛ በኩል አስጠግተህ ሲሞቅ በሚሸማቀቅ ቱቦ ከዘንጉ ጋር አልብሰው። ጥቁር ስለሆነ አይታይም። ክፍት ዘንግ ከሆነ በውስጡ አሳልፈው፤ የቀዳዳውን ስለት ግን በሞረድ አለስልስና የጎማ ቀለበት አድርግበት። ያለዚያ ንዝረቱ የገመዱን ልባስ ይበላዋል።

ዘንጉን ስትፈታ አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ያማሃ ሞተሮች ላይ የቀኙ ስፖኪዮ ብዙ ጊዜ ጥርሱ ተገላቢጦሽ ነው፤ የሚፈታው ወደ ተለመደው ማጥበቂያ አቅጣጫ ሲዞር ነው። አልፈታ ሲልህ ጉልበት አትጨምር። ዘንጉ ሲዞር ገመዱም አብሮ ስለሚጠመዘዝ ከስፖኪዮው ስር ውሃ የማያስገባ ባለ 2 ሶኬት አድርግ። ስፖኪዮ መቀየር ሲያስፈልግህ ነቅለህ ትፈታዋለህ፤ ገመድ አትቆርጥም።

ባለ 0.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ይበቃል። ግን ውስጡ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ይሁን። ባለ አንድ ድፍን ክር የቤት ገመድ ሞተር ላይ አይሰራም፤ መሪው በዞረ ቁጥር እየታጠፈ ይቆረጣል። በስታኞ ከበየድከው ደግሞ ገመዱ ስታኞው ካቆመበት መስመር ላይ ነው የሚሰበረው። እዚያ ድረስ ደርቋል፣ ከዚያ በኋላ ለስላሳ ነው፤ ንዝረቱ ሁለቱ የሚገናኙበትን ያጥፋል። ስለዚህ ብየዳውን ሙጫ ባለው ሸማቃቂ ቱቦ ሸፍነው፤ ቱቦው ለስላሳውን ገመድ አልፎ ሁለት ጣት ያህል ይሂድ። ናስትሮ ብቻ አይበቃም፤ ሙቀት ሲያገኘው ይላቀቃል።

መገናኛው የፊት መብራቱ ጎድጓዳ ሽፋን ውስጥ ነው። የዋናዎቹ ፍሬቻ ገመዶች እዚያ ያልፋሉ። ሆንዳ ከሆነ የቀኙ ውሃ ሰማያዊ፣ የግራው ብርቱካናማ፣ ማሳው አረንጓዴ ነው። ያማሃ ቀኙ ጥቁር አረንጓዴ፣ ግራው ጥቁር ቡናማ (ቸኮሌት)፣ ማሳው ጥቁር። ሱዙኪ ቀኙ ፈካ ያለ አረንጓዴ፣ ግራው ጥቁር፣ ማሳው ጥቁር ከነጭ። ካዋሳኪ ቀኙ ግራጫ፣ ግራው አረንጓዴ፣ ማሳው ጥቁር ከቢጫ። ይህ የጃፓኖቹ ልማድ ነው። ከአንተ በፊት የነካካው ሰው ካለ ቀለም አትመን። በቴስተር አረጋግጥ፤ ፍሬቻው ሲበራ ቴስተሩ መብራትና መጥፋት አለበት። ማሳውን በዘንጉ ብረት ላይ አትተማመን፤ ቀለምና ዝገት አለበት። የራሱን የማሳ ገመድ ሳብለት።

ፊውዝ አትርሳ። ብዙ ሞተሮች ላይ ፍሬቻ፣ ክላክስና የፍሬን መብራት አንድ ፊውዝ ይጋራሉ። ስፖኪዮህ ጋር የሄደው ገመድ አንድ ቀን ተልጦ ከብረት ጋር ቢነካካ ፊውዙ ይቃጠላል። የሚጠፋው ግን ፍሬቻው ብቻ አይሆንም፤ የፍሬን መብራቱም ያለ አንተ እውቀት ይጠፋል። ከኋላህ ያለው ሹፌር ስትቆም አያውቅም። ስለዚህ ወደ እያንዳንዱ ስፖኪዮ በሚሄደው ገመድ ላይ፣ መገናኛው አጠገብ፣ አንድ የ1 አምፔር ፊውዝ አድርግ። ገመዱ ሾርት ቢያደርግ እሷ ትቃጠላለች፤ የሞተሩ ሌላ ነገር አይነካም። ይህን ሳያደርግ ስፖኪዮ ላይ መብራት የሚገጥም ሰው ሳይ ያሳዝነኛል።

ውሃ እንዳይገባ ሲሊኮን ትጠቀማለህ። ሲሊኮኑን አሽትተው። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ከሆነ አትጠቀምበት። የሚለቀው አሲድ መዳብን ያዝጋል፤ ከስፖኪዮው መስታወት ጀርባ ያለውንም ብር ይበላዋል። ከጊዜ በኋላ ከመስታወቱ ጠርዝ ተነስቶ ጥቁር ነጠብጣብ ሲሄድ ታያለህ። ሽታ የሌለውን ዓይነት ፈልግ። ሱፐር ግሉም የመብራቱን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነጭ ጉም ያለብሰዋል። ከታች በኩል ግን አንዲት ትንሽ የውሃ ማውጫ ቀዳዳ ተው። ሙሉ በሙሉ የታሸገ ነገር ውስጥ ጤዛ ይጠራቀማል።

ሁሉም ሲያልቅ፣ ሽፋኑን ከመዝጋትህ በፊት ሞክረው። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዙር። ገመዱ ሊወጠርም ከሹካው ጋር ሊቆነጠጥም አይገባም። ሞተሩን አስነሳና ነዳጅ እየሰጠህ ፍሬቻውን አብራ፤ ድምቀቱ በጣም ከጨመረ ሬዚስተሩ አንሷል። ቀጥሎ ሞተሩን ቀትር ላይ ፀሐይ ላይ አቁመው። ሠላሳ ሜትር ያህል ርቀህ ቁም። ፊት ለፊት እየው፤ ከዚያ በግማሽ ክብ እየዞርክ ወደ ጎኑ ሂድ። መብራቱ የሚሰወርብህ ቦታ ላይ ስትደርስ ኤልኢዲዎቹን ከዚያ በኩል አዘንብላቸው። ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ ከማድረግ ሁለት ሦስቱን ወደ ውጭ ማዞር ብዙ ለውጥ ያመጣል።

ማታም ጨለማ ውስጥ ተቀምጠህ አብራው። ከስፖኪዮው ጠርዝ ወይም ከመስታወቱ ጀርባ የሚሾልክ ብርሃን ዓይንህ ላይ ካረፈ ከውስጥ በኩል በጥቁር ናስትሮ ዝጋው። ከኋላ የሚመጣውን መኪና የምታየው በዚያው መስታወት ነው፤ ፍሬቻ ስታበራ ደግሞ ይበልጥ የምትፈልገው ያኔ ነው። ብርሃኑ አልዘጋ ካለህ መብራቱን ከስፖኪዮው አውጥተህ ዘንጉ ስር፣ ወደ ፊት በሚያይ ትንሽ ላሜራ ላይ እሰረው። ከፍታው ከ1200 ሚሊሜትር በታች ይሆንልሃል፣ ስፖኪዮው ሲታጠፍም አብሮ አይዞርም።